ጠባቂና አስጠባቂ

የጥሪ ወረቀቱ ከጠዋቱ 2፡30 ይላል። በ2፡30 አዳራሹ ውስጥ የሚገኙት ወንበር የሚደረድሩ ልጆች፣ ማይክሮፎኑን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ የሚሞክር ባለሙያና ወረቀቱን አምነው የመጡ ጥቂት የዋሆች ናቸው። 3፡30 ላይ መድረክ መሪው ብቅ ብሎ «የክብር እንግዳችን መንገድ ላይ በመሆናቸው ጥቂት እንድትታገሡን በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። ውኃ ይታደላል። የሰለቸው ይወጣል፤ የቀረው ስልኩን ይጎረጉራል። 4፡30 ሲሆን በሩ አካባቢ ግርግር ይነሳል። ሁሉም ከወንበሩ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። የክብር እንግዳው ለጭብጨባው እጃቸውን ሲያነሱ ከኮታቸው እጅጌ ሥር የሚያብረቀርቅ የእጅ ሰዓት ብቅ ይላል።

እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ተቀምጦ የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለለመድነው አንቆጣም። እስቲ ግን ሒሳቡን እናስላው። አዳራሹ ውስጥ 200 ሰው አለ እንበል። እያንዳንዱ 2 ሰዓት ጠብቋል፤ በድምሩ 400 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 400 ሰዓት ማለት 50 የሥራ ቀን ነው፤ ከእሑድ በቀር በየቀኑ ቢገባ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ከአንድ ሰው ኪስ የሁለት ወር ደመወዝ ቢሰረቅ ፖሊስ ይጠራል። ከ200 ሰው ሁለት ሁለት ሰዓት ሲወሰድ ግን ይጨበጨባል።

ሰዓት ስለሌለን አይደለም። የእጅ ሰዓት ያላሰረ ስልክ ይዟል፤ ስልክ ያልያዘ ካለም አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። በሠርግ ጊዜ ከሙሽራዋ ቀሚስና ጫማ ጎን ሰዓት ይሰጣል። ተመራቂ ተማሪ በሰዓት ይሸለማል። ከዓረብ አገር የሚመለስ ወንድም ወይም እህት ለአባት ከሚያመጣው ስጦታ ውስጥ ሰዓት ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ሰዓት እንወዳለን፤ እናጌጥበታለን። ጥያቄው ያሰርነው ሰዓት ምን ያስታውሰናል የሚለው ነው።

የእጅ ሰዓት እንዴት ወደ እጅ እንደመጣ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ወንዶች ሰዓታቸውን በሰንሰለት አስረው በኪሳቸው ነበር የሚይዙት፤ በእጅ የሚታሰረው የሴቶች ጌጥ ተደርጎ ይታይ ነበር። ብራዚላዊው አብራሪ አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን በአየር መርከብ ሲበር ሁለት እጁ ተይዞ ሳለ ከኪሱ ሰዓት ማውጣት እንዳስቸገረው ለፓሪሱ ጌጣጌጥ ነጋዴ ለሉዊ ካርቲዬ አጫወተው ይባላል፤ ካርቲዬም በ1904 እ.ኤ.አ. በእጅ የሚታሰር ሰዓት አሠራለት። ነገሩ በሰፊው የተለመደው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። መድፈኞች ከወታደሩ ፊት ፊት እየተኮሱ፣ በተቆረጠ ደቂቃ ዒላማቸውን ወደፊት ያርቃሉ፤ እግረኛው ከምሽጉ ወጥቶ ከኋላ ይከተላል። ወታደሩ ቀድሞ ከወጣ በወገኑ መድፍ ይመታል፤ ከዘገየ ጠላት ቀና ብሎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ መኮንኖቹ ከውጊያው በፊት ሰዓታቸውን እያስተያዩ ያስተካክሉ ነበር። የእጅ ሰዓት በወንድ እጅ ላይ የጸናው እንዲህ ነው፦ የአንዱ ደቂቃ የሌላውን ሕይወት በያዘበት ቦታ።

ዛሬ በመርካቶ፣ በክልል ከተሞችም አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ በመስታወት ሣጥን ፊት ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰዓት ሠሪ አይታጣም። ጥቁሯን ማጉያ አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ በቀጭን ቢላ የሰዓቱን ጀርባ ፈንቀል ያደርጋል። ሣጥኑ ውስጥ ጥርስ የሌላቸው ዘንጎች፣ የተሰነጠቁ መስታወቶች፣ የተቆራረጡ ሰንሰለቶችና እንደ ምስር ያነሱ ባትሪዎች በየክዳኑ ተቀምጠዋል። ባትሪ ያለው ሰዓት ከመጣ ሥራው ቀላል ነው፤ ውስጡ ያለችው የኳርትዝ ቅንጣት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትቆመው ባትሪው ሲያልቅ ነው። የድሮ ሲኮ ፋይቭ ከመጣ ግን ጊዜ ወስዶ ያየዋል። ባትሪ የለውም፤ ያሰረው ሰው እጁን ሲያንቀሳቅስ ራሱን ይሞላል። ውስጡ ወዲያ ወዲህ የምትለው ቀለበት በሰከንድ 6 ጊዜ፣ በቀን ከ500 ሺህ ጊዜ በላይ ትመታለች። ሰዓት ሠሪው ጆሮው ሥር አስጠግቶ ያዳምጣትና ትንሿን መቆጣጠሪያ የጥፍር ያህል ገፋ ያደርጋታል።

ከፊቱ የሚቆመውን ደንበኛ ልብ ብዬ አያለሁ። አብዛኛው ባትሪ ለማስቀየር ወይም ሰንሰለት ለማሳጠር የመጣ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «በቀን ሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ እየቀረ አስቸገረኝ» ብሎ ያማርራል። ሦስት ደቂቃ! ይኸው ሰው ከዚያ ተነስቶ የሚሄድበት ቀጠሮ ከግማሽ ሰዓት በፊት አልፎ ይሆናል። ወደ ኋላ የሚቀር ሰዓት ወደ ሠሪው ይወሰዳል፤ ወደ ኋላ የሚቀረውን ባለቤቱን ግን የት እንውሰደው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «የሐበሻ ቀጠሮ ነው» ብሎ ይገላገላል። አባባሉ ይቀላል፤ ጥፋተኛውን ሁሉ ነፃ ያወጣል፤ የሚያፍርም አይኖርም። ግን የአገርን ስም ማጥፋት ነው። ይህ ሕዝብ ጊዜ የማያውቅ ሕዝብ አይደለም።

የሰዓት አቆጣጠራችንን ራሱን እንየው። ቀናችን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ጀንበር ስትወጣ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ላይ ይነጋል፣ 12 ሰዓት ላይ ይመሻል ቢባል ብዙ አይሳሳትም። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ እረኛው ሰማዩን አይቶ ሊያውቀው የሚችል ሰዓት ነው። የቤተ ክርስቲያን አባቶች የገዛ ጥላቸውን በጫማ እየለኩ የጾም መፍቻውን ሰዓት ያውቁ ነበር። ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜ አለ። መስጊዱም ከሱብሂ እስከ ኢሻ ቀኑን በአምስት ሰላት ይከፍለዋል፤ አዛን የሰማ ሙእሚን የያዘውን ትቶ ይነሳል። የሰዓት ፋብሪካ ከመኖሩ በፊት ይህ ሁሉ ነበር።

ከሃይማኖቱ ወጥተን ወደ ማኅበራዊ ኑሯችን ብንመጣም ያው ነው። በወንፈል አንድ ገበሬ ጎረቤቱ ማሳ ላይ አንድ ቀን ከዋለ ጎረቤቱ የዚያን ሰው ቀን ተበድሯል፤ በተራው አበዳሪው ማሳ ላይ ውሎ ይመልሳል። አባቶቻችን የሰውን ቀን እንደ ብድር ያዩት ነበር ማለት ነው። እቁብ የሚወጣው በተቆረጠለት ቀን ነው፤ ጸሐፊው ፊት ዘግይቶ የቀረበ ይቀጣል። እድርን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀብር 9 ሰዓት ከተባለ 9 ሰዓት ነው። ጡሩምባ ነፊው ማልዶ ያስታውቃል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ መዝገብ የያዘው ሰው ስም ይጠራል፤ የቀረ ቅጣቱን ይከፍላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ቅጣቱ ለሁሉም አንድ መሆኑ ነው። ባለ መኪናውም፣ የጉልት ነጋዴዋም፣ የእድሩ ዳኛ ራሳቸውም ከቀሩ ይቀጣሉ።

ሯጮቻችንን እንጨምር። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አይሞላም። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ቀነኒሳ በቀለ በበርሊን ማራቶን 2፡01፡41 ሲገባ የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ አመለጠው። ትዕግሥት አሰፋ በ2016 ዓ.ም. መስከረም እዚያው በርሊን 2፡11፡53 ገብታ የሴቶችን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለችው። ንጋት ላይ እንጦጦ ወይም ሱሉልታ የወጣ ሰው ያያቸዋል፤ ብርድ ላይ በቡድን እየሮጡ በየኪሎ ሜትሩ የእጃቸውን ሰዓት ገልመጥ ያደርጋሉ። የዚህ አገር ልጆች በሰከንድ እየተፎካከሩ ዓለምን አሸንፈዋል። «በደማችን የለም» ማለት አንችልም።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ምስክር ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ ሆስፒታል ወይም ሆቴል የሚሠራ ኢትዮጵያዊ በሥራው ሰዓት ደቂቃ አያሳልፍም፤ ካሳለፈ ከደመወዙ ይቆረጣል፣ ሲደጋገም ይባረራል። ያው ሰው ቅዳሜ ማታ የወዳጁ ሠርግ ላይ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርስና «ገና አልተጀመረም አይደል?» ብሎ ይጠይቃል። አልተጀመረም። ሙሽሮቹም አልመጡም።

ታዲያ ለምን እንዘገያለን? መልሱ ያለው እዚህ ነው። እኛ ሰዓት የምናከብረው ለምንፈራው ነው። ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ሁለት ሰዓት ቀድመን እንቆማለን። አውሮፕላን እንዳያመልጠን ሌሊቱን አንተኛም። ለፈተና ልጃችንን ጎሕ ሳይቀድ እንቀሰቅሳለን። አለቃችን ከጠራን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልን እንወጣለን። የበታቻችን፣ ባለጉዳያችን፣ ሚስታችን፣ ጓደኛችን፣ ቤት የሚጠግንልን ሠራተኛ ሲሆን ግን «ይጠብቅ!» እንላለን። መዘግየታችን ወደ ታች ነው የሚፈሰው። ትልቅ ሰው ማለት የሚጠበቅ ሰው፣ ትንሽ ሰው ማለት የሚጠብቅ ሰው ሆኗል። ይባስ ብሎ አንዳንዱ በሰዓቱ መድረስን የክብር መቀነስ አድርጎ ያየዋል፤ ቀድሞ ከገባ ሥራ የሌለው መስሎ እንዳይታይ ይሠጋል።

ይህ በግልጽ የሚታየው ባለጉዳይ በሚበዛበት መሥሪያ ቤት ነው። ጠዋት 2፡30 በሩ ይከፈታል። ከወንበሩ ጀርባ ኮት ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ የለም። ኮቱ በሰዓቱ ገብቷል፤ ሰውየው ሻይ ላይ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ልጅ ያዘለች እናት፣ ፋይሏን በፌስታል ጠቅልላ፣ ከገጠር በሌሊት አውቶቡስ መጥታ ተቀምጣለች። 4 ሰዓት ላይ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። ከሰዓት በኋላ «ሲስተም የለም» ይባላል። 10 ሰዓት ላይ «ነገ ይምጡ» ይባላል። «ነገ ይምጡ» ማለት ለተናጋሪው ሁለት ቃል ነው። ለእሷ አንድ ሌሊት ማደሪያ፣ የምግብ ወጪ፣ እቤት ጥላው የመጣችው ከብትና ልጅ ነው። ባለጉዳዩ የቀን ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የዚያን ዕለት እንጀራው ነው፤ የቀን ሠራተኛ ካልዋለ አይከፈለውም። ሥልጣን ያለው ሰው ሲያስጠብቅ የሚጎዳው ድሀው ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐኪም ቤትም፣ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። የክብር እንግዳ የሚጠብቁ ሕፃናት የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ትንንሽ ባንዲራ ይዘው ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ያላየ የለም። ልጆቹ የሚማሩት ትምህርት አለ፦ ትልቅ ሰው ስትሆን ታስጠብቃለህ። ሲያድጉም ያንኑ ያደርጋሉ።

ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር ልጨምር። የዘገየ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ 2፡45 ላይ የሚደርስ ሠራተኛ ሰዓት አላባከነም፤ ተባክኖበታል። መንገዱ ይቆፈራል፣ ዝናቡ ይጥላል፣ መብራት ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ሰው በር ዘግቶበት «ዘገየህ» ማለት ግፍ ነው። እኔ የምወቅሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ «መንገድ ላይ ነኝ፣ እየደረስኩ ነው» የሚለውን ነው። የምወቅሰው ሾፌርና መኪና በር ላይ ቆሞለት የሚዘገየውን ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ መዘግየትን የሚያስጌጡም አሉ። እንቁላሉ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ሥራው ውስጡ እየተካሄደ ነው፣ ቀኑ ሲደርስም ይፈለፈላል። ጫጩት ቀጠሮዋን አታሳልፍም። አባቶች የመከሩን በሥራ ላይ እንድንታገሥ ነው።

የሰውን ጊዜ ካነሳን የራሳችንንም ማንሳት ግድ ነው፤ የራሱን ሰዓት የማያከብር የሌላውን አያከብርም። ዛሬ አብዛኞቻችን ሰዓት የምናየው ስልክ ላይ ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት ስልኩን እናወጣለን፤ ቴሌግራም መልእክት መጥቷል፤ እሱን ስንከፍት ቲክቶክ ይጠራናል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኩን ወደ ኪሳችን ስንመልስ ስንት ሰዓት እንደሆነ አላየንም። በቀን 2 ሰዓት በዚህ መልክ የሚያልፍበት ሰው በዓመት 730 ሰዓት አጥቷል፤ ይህም የ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሆኖ ሲቆጠር 91 ቀን ነው። ከሦስት ወር በላይ ሥራ! በዚህ ጊዜ ቋንቋ ይለመዳል፣ ሙያ ይጀመራል፣ አረጋውያን ወላጆች ይጠየቃሉ። የእጅ ሰዓት በዚህ ይሻላል፤ የጠየቁትን ብቻ ይመልሳል። ርካሽ ካሲዮም ቢሆን ያው ነው። ስልኬን ኪሴ ትቼ እጄን ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ቢያንስ ሰዓት ለማየት ብዬ የማባክነው ጊዜ ቀርቶልኛል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ እድራችን ውስጥ አለ። እድር የሚሠራው ሰዓቱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ነው። ይህንን ወደ አዳራሹና ወደ መሥሪያ ቤቱ እናምጣው። ጥሪ የሚያዘጋጁ ሰዎች በተባለው ሰዓት፣ በመጣው ሰው ይጀምሩ። የዘገየው እንግዳ ማንም ይሁን ማን ሲደርስ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ፤ ንግግር ካለውም ተራው ካለፈ ይለፈው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተደረገ በአራተኛው ሁሉም በሰዓቱ ይገኛል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የሠራተኛውን መግቢያ ከመቆጣጠራቸው በፊት የራሳቸውን ያስመዝግቡ። ባለጉዳይ ሲመጣ ስንት ሰዓት እንደገባና ስንት ሰዓት ጉዳዩ እንዳለቀ በወረቀት ይጻፍለት፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ያ ወረቀት ከሪፖርት ሁሉ በላይ ይናገራል። ዛሬ የማይሆን ጉዳይ ከሆነም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነገረው እንጂ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ አይዋል። መምህራን ልጆችን ፀሐይ ላይ ከማሰለፋቸው በፊት እንግዳው መነሳታቸውን ያረጋግጡ።

እኛ ተራ ሰዎችም የምንችለው አለ። መቅረታችንን ካወቅን አስቀድመን እንደውል። አልጋችን ላይ ሆነን «እየደረስኩ ነው» አንበል። «ከ8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ» የሚል ቀጠሮ ትተን ቁርጥ ሰዓት እንቅጠር። ሠርጋችን ላይ የታደመውን ዘመድ በረሃብ አንጨርሰው። ከእኛ በታች ያለውን ሰው ከሁሉ አስቀድመን እናስብ፤ አለቃማ ሰዓቱን ያስከብራል፣ ተላላኪውና ጽዳት ሠራተኛዋ ግን የሚያስከብርላቸው የለም።

እጃችንን ቀና አድርገን ሰዓት ባየን ቁጥር «አሁን ማን እየጠበቀኝ ነው?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። በቀን 24 ሰዓት ለሚኒስትሩም ለዘበኛውም እኩል ተሰጥቷል፤ አንዱ የሌላውን እንዲበላ የሚፈቅድ ሕግ የለም። ነገ ጠዋት ቀጠሮ ያለን ሁሉ ከቤት አሥር ደቂቃ ቀድመን እንውጣ።